ማደሪያን ተሸክሞ መዞር፤ ከበቅሎ ጀርባ እስከ መኪና ጣሪያ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለወንዙ ማዘንም ማፌዝም አለበት። ቤቱን ሠርቶ፣ ከብቱን በበረት፣ እህሉን በጎተራ ያደረገ የቢቸና ወይም የሞጣ ባላገር፣ ማረፊያውን ሳያውቅ ጓዙን አንጠልጥሎ ከአገር አገር የሚዞረውን መንገደኛ በዚህ ዓይን ቢመለከተው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ታሪካችንን መለስ ብለን ብናይ፣ ይህችን አገር ለብዙ ዘመን የገዟት ነገሥታት ራሳቸው እንደ ዓባይ ነበሩ። ማደሪያቸውን ጭነው ይሄዱ ነበር እንጂ የሚመለሱበት አንድ ማደሪያ አልነበራቸውም።

ይህን ነገር እንድናነሳ ያደረገን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣ አንድ የጉዞ ልማድ ነው። ከካይሮ ተነስተው እስከ ኬፕታውን በመኪና የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች ጎጃምን አቋርጠው ሲያልፉ፣ የአንዳንዶቹ መኪና ጣሪያ ላይ እንደ ሣጥን የታጠፈ ነገር ተጭኖ ይታያል። ሲመሽ ይከፈትና ድንኳን ይሆናል። መሰላል ይወርዳል፤ ባለቤቶቹ ወጥተው ይተኛሉ። ከመኪናው ኋላ ብስክሌት፣ ከጎኑ ደግሞ መቅዘፊያ ወይም ትንሽ ታንኳ የታሰረበትም አለ። ለአዲስ አበባ ሰው ድንኳን በመኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሲያልፍ ማየት እንግዳ አይደለም፤ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ልቅሶ ነው። የዕድሩ ሸራና የብረት ቋሚ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ አንዱ ሰፈር መሄዱ ነው። ለመተኛትና ለመጫወት ሲባል ድንኳንን ከነጓዙ ተሸክሞ መዞር ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ይመስለናል።

ለመሆኑ አዲስ ነውን? ጥያቄውስ አዲስ ነው? የመኪናውን ጣሪያ ድንኳኑ ከያዘው ሌላው ዕቃ የት ይጫናል? ይህ ጥያቄ የፈረንጅ ተጓዦችን ብዙ ያከራክራል። የእኛ አገር ጫኞች ግን በበቅሎ ጀርባ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ ነው።

ከተማ ሰፈር በነበረ ጊዜ

«ከተማ» የሚለው ቃላችን ዛሬ ቤትና መንገድ፣ መብራትና ገበያ ያለበትን ቦታ ያመለክታል። ቀድሞ ግን ንጉሥ ወይም መኮንን ከነሠራዊቱ የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር። ንጉሡ የተከተመበት ሁሉ ከተማ ነው፤ ንጉሡ ሲነሳ ከተማው ሜዳ ይሆናል። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ ዓይነት ተንቀሳቃሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከጎንደር በኋላም ቢሆን ዘመቻ በወጣ ቁጥር የድንኳኑ ከተማ ይመለስ ነበር።

የሰፈሩ ሥርዓት የተመሰቃቀለ አልነበረም። የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ፣ ከፍ ካለው ቦታ ይተከላል። ከፊት የሚሰፍረውና በጉዞ ላይ የሚቀድመው ፊታውራሪ፣ በቀኝ ያለው ቀኝ አዝማች፣ በግራ ያለው ግራ አዝማች ይባላል። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግም ከንጉሡ ደጅ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ስሞች ከጊዜ በኋላ ቦታቸውን ለቀው የክብር ማዕረግ ብቻ ሆኑ። ከስር ከመሠረታቸው ግን ድንኳን ተክሎ የሚያድር መንግሥት መልክዓ ምድር ናቸው። ማታ ሰፈሩ ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው የሚያርፍበትን ያውቃል። ሺህ ጊዜ ቢነሳና ሺህ ጊዜ ቢሰፍር፣ ያው ከተማ በሌላ ሜዳ ላይ ይተከላል።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ተንቀሳቃሽ ከተማ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ ድንኳን እንደነበሩ፣ ታቦቶቹ በካህናት ተይዘው በዕጣንና በደወል እንደሚጓዙ፣ ሲያልፉም መንገደኛው ሁሉ ገለል ብሎ ያከብራቸው እንደነበር ይነግረናል። ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ በድንኳን ሲያድር ያንኑ ሥርዓት በየዓመቱ እያየነው ነው።

እንግዲህ በዚህ የነገሥታት ጓዝ ስናደንቅ ዋጋውን መርሳት የለብንም። ብዙ ሺህ ሰውና ከብት አንድ ሜዳ ላይ ሲሰፍር፣ በዙሪያው ያለው ማገዶ በጥቂት ጊዜ ያልቃል፤ ሣሩ ይጋጣል፤ የባላገሩ ጎተራ ይራቆታል። ሰፈሩ የሚነሳበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር፤ የሚበላው ሲያልቅ ወደሚበላበት ይሄዳል። ማደሪያውን ይዞ የሚዞረው ንጉሥ ስንቁን ከሚያድርበት አገር ነበር የሚያገኘው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ዘመናችን ስንመጣ እንመለስበታለን።

የአጋሰስ ሕግ

ድንኳኑን፣ ምሰሶውን፣ ካስማውን፣ የወጥ ቤቱን ዕቃ፣ የጠጅ ጋኑን፣ የአደን መሣሪያውንና የጉግስ ጋሻውን ማን ተሸከመው? በአጭሩ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ አጋሰስና ሰው።

መጫን ሙያ ነው። በቅሎ ስትጫን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። በመጀመሪያ ጀርባዋ በድሪቶና በአጎዛ በሚገባ ይደላደላል፤ አለዚያ ገጣባ ትሆናለች፤ ገጣባ የሆነች በቅሎ ደግሞ ለሳምንታት ከሥራ ትወጣለች። ከዚያ ሸክሙ በሁለት እኩል ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል። ከባዱ ነገር ወደ ታች፣ ቀላሉና ድንቡሽቡሹ ወደ ላይ ይሆናል። ከቆዳ የተገመደው መጫኛ በሆዷ ሥር ዞሮ ይጠብቃል። በቅሎዋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ይቆምና መጫኛው እንደገና ይጠበቃል፤ ምክንያቱም ሸክሙ ከእርምጃዋ ጋር እየረገበ ይሄዳል። አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ይዘማል። ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ወደ አንገቷ፣ አቀበት ላይ ወደ ኋላዋ ይንሸራተታል። ዓባይን ለመሻገር ወደ በረሃው የሚወርድ ነጋዴ ይህን ሕግ ካላወቀ፣ ገደሉ ያስተምረዋል።

ድንኳን ከጭነቶች ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ዝናብ የመታው ሸራ ከደረቁ እጅግ ይከብዳል። ረጅሙ ምሰሶ ደግሞ በበቅሎ ጎን ቢታሰር በቀጭን የገደል መንገድ ላይ ከቋጥኝ ጋር እየተጋጨ እንስሳዋን ይጥላታል። ስለዚህ ክብደቱ ሳይሆን ርዝመቱ የሚያስቸግረው ዕቃ በሰው ትከሻ ይሄዳል። ዛሬ አራት ሜትር ታንኳ ከመኪናው ጣሪያ በላይ ወጥቶበት የሚጨነቀው ተጓዥ የገጠመው ችግር ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ጓዝ ፊት ለፊት የሚቆም ሌላ የጉዞ ጥበብ ደግሞ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ነበር። ከዲማ ጊዮርጊስ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ጉባኤ ቤት በእግሩ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ጓዙ ደበሎው፣ አኩፋዳውና በትሩ ነው። ደበሎው ቀን ልብሱ፣ ማታ ፍራሹም ብርድ ልብሱም ነው። በክረምት የደጋው እረኛ ከሣር የተሠራውን ገሳ ከራሱ ላይ ጣል ያደርጋል። ዝናቡ ሲበረታ ባለበት ቁጢጥ ቢል ገሳው ጎጆ ይሆንለታል። ማደሪያን በጣሪያ ላይ ተሸክሞ መሄድ ከተባለ፣ ከዚህ የቀለለ ጣሪያ የት ይገኛል? በጣሊያን ወረራ ዘመን በቢቸና አውራጃ በረሃ ከእነ በላይ ዘለቀ ጋር የተዋጋው አርበኛም ጓዝ አልነበረውም። ዋሻ ማደሪያው፣ ጋቢ ድንኳኑ ነበር። የጠላት ጦር ግን ያለ መንገድና ያለ ጭነት መኪና መንቀሳቀስ ይቸግረው ነበር። ጓዝ ኃይል ነው፤ ግን ደግሞ ማነቆም ነው።

የከበደ ጭነት ምን እንደሚያስከትል ሌላ ምስክር ከፈለግን፣ ከዓባይ ማዶ ጋፋት አለ። አጼ ቴዎድሮስ በዚያ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየተቆፈረ ስድስት ወር ያህል በሰው ጉልበት ተጎትቷል። በዚያው ዓመት ከባሕር የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ደግሞ ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ከባድ መሣሪያውን በእነሱ ጭኗል። ጀርባ ካልበቃ ትልቅ ጀርባ መፈለግ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው።

ጀልባን በተራራ ላይ

ፈረንጆች ዓባይን ፍለጋ ሲመጡ ከሁሉ በፊት የገጠማቸው ችግር የወንዙ አልነበረም፤ የጭነት ችግር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጥቅምት 1763 ዓ.ም. ላይ ግሽ ዓባይ ሲደርስ ከኋላው የረጅም ጉዞ ሸክም ነበረው። ከዋክብትን የሚለካበት ትልቁ መሣሪያ ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጣ በሰው ትከሻ፣ በቅብብል ነበር የተሸከመው።

ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ጀልባ ይዘው መጡ። አሜሪካዊው ባለጸጋ ማክሚላን በ1895 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዓባይን በጀልባ ወርዶ ሱዳን ለመድረስ አሰበ። የባቡሩ ሐዲድ ገና ከድሬዳዋ ባልዘለቀበት በዚያ ጊዜ፣ ጀልባዎቹ ተራራ የወጡትና የወረዱት በእንስሳ ጀርባ ነው። ያን ያህል ተደክሞባቸው ውኃው ላይ ሲያርፉ ግን ብዙም ሳይርቁ ከቋጥኝ ጋር ተላትመው ተሰባበሩ፤ ጉዞውም በዚያው ቀረ። የጀልባዎቹ የየብስ ጉዞ ከውኃ ጉዟቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከዚህ ትምህርት የወሰደ የሚመስለው እንግሊዛዊው ቺስማን ነው። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ሲቀመጥ የዓባይን ሸለቆ የዳሰሰው በጀልባ ሳይሆን በበቅሎ ቅፍለት ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ እየተጓዘ፣ መውረጃ ባገኘበት ወደ ወንዙ እየወረደ፣ ተመልሶ እየወጣ፣ የወንዙን ካርታ አዘጋጀ፤ ጥናቱንም በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። በምሥራቅ ጎጃም ከጮቄ ተራራ የሚነሱት ሙጋን፣ ሱሃንና አዝዋሪን የመሳሰሉ ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ ደጋውን እንደ ጣት ቆራርጠውታል። ስለዚህ በአፋፉ ላይ መሄድ ማለት መንገዱ በቀጥታ ሄዶ የሚያልቅ ሳይሆን አንዱን ሸለቆ ዞሮ ሌላው አፋፍ ላይ መውጣት ማለት ነው። በቅሎ ባትኖር ያ ካርታ ባልተሣለ ነበር።

ዓባይ የስፖርት ሜዳ መሆን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. በታንኳ የወረዱ የፈረንሳይና የስዊስ ሰዎች በሌሊት በሽፍቶች ተጠቅተው ሁለቱ ሞቱ። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካፒቴን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ቡድን ከአጼ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር በመስማማት ታላቁን የዓባይ ጉዞ አደረገ። ወታደሮችና የሳይንስ ሰዎች የተካተቱበት ይህ ቡድን አውሮፕላን፣ መኪና፣ የጦር ጀልባና በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ይዞ ነበር የመጣው። ከቡድኑ አንዱ የሆነው ኢያን ማክሎድ ከዓባይ ገባሮች አንዱን ሲሻገር ውኃ ወስዶት ቀረ። የጎማው ጀልባ ግን አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። አየሩ ሲወጣ ተጠቅልሎ የሚጫን፣ ሲነፋ ቋጥኝ ቢመታውም የሚነጥር ጀልባ፣ ማክሚላንን ያሸነፈውን የጭነት ችግር ግማሹን ፈታው። በ1972 እ.ኤ.አ. የእንግሊዛዊው ማይክ ጆንስ ቡድን በትናንሽ ታንኳዎች ወረደ። ከታኅሣሥ 2003 እስከ ሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካውያኑ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከግሽ ዓባይ ተነስተው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ዘለቁ። ዛሬ ያን ጉዞ እንደነበረ መድገም አይቻልም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ የታችኛውን ዓባይ ሐይቅ አድርጎታል። ዓባይ ግንድ ይዞ መዞሩን አቁሞ ማደሪያ አገኘ ማለት ነው።

በእነዚህ የጉዞ ታሪኮች ውስጥ የጀልባው ዓይነት፣ የመሪው ስም፣ የፏፏቴው ከፍታ በዝርዝር ይገኛል። ጀልባውን ከመኪና መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ ያወረዱት ሰዎች፣ አህዮቹን የነዱት ገበሬዎች፣ መውረጃውን ያሳዩት እረኞች ግን ብዙ ጊዜ «ጫኞች»፣ «መንገድ መሪዎች» ተብለው ብቻ ይታለፋሉ።

ሰባራው ድልድይ

ከሞጣ በስተሰሜን፣ ጎጃምና በጌምድር በሚገናኙበት የዓባይ ገደል ውስጥ፣ በአጼ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። ሕዝቡ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። ለዘመናት የሞጣ ነጋዴ እህሉንና ከብቱን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር የሚሻገርበት ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን አፈረሱት፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ድልድዩ አገር አድኖ ራሱ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። በሁለቱ የድልድዩ ስባሪዎች ላይ የቆሙ ወንዶች ገመዱን ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው በገመዱ ታስሮ ወይም ተንጠልጥሎ ከታች የሚያገሳውን ውኃ እያየ ወደ ማዶ ይጎተታል። እህልና ዕቃም እንዲሁ። ከጭነት ሁሉ የሚከብደው ጭነት ይኸው ነው፤ ሰው ራሱ ጭነት ሆኖ ሲሻገር።

በ1999 እ.ኤ.አ. በጀልባ ዓባይን የወረደ አንድ የአሜሪካ ቡድን ይህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ አነሳው። ፎቶግራፉ በታኅሣሥ 2000 እ.ኤ.አ. በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትስ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው መጽሔቱን ሲገልጥ አየውና ይህን ድልድይ እጠግናለሁ ብሎ ተነሳ። በ2001 እ.ኤ.አ. በክፍተቱ ላይ የብረት ድልድይ ተዘረጋ። ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎርፉ የማይደርስበት ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ለርዕሳችን ዋናው ነገር ጭነቱ ነው። ብረቱና ሲሚንቶው መኪና የሚችለውን ያህል በመኪና መጣ። ከመንገዱ ማብቂያ ወዲያ ግን በአህያና በአካባቢው ሰው ትከሻ ነበር ወደ ገደሉ የወረደው። ለጨዋታ የመጣ ጀልባ አንድ ፎቶግራፍ ይዞ ተመለሰ፤ ፎቶግራፉም ድልድይ ይዞ መጣ። ማክሚላንን ጨምሮ በዚህ ወንዝ ላይ ከተጫኑት ጓዞች ሁሉ ለባላገሩ የተረፈው ይህ ጭነት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ፖርቶ መጋላና የጣሪያ ድንኳን

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለአጼ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ መኪናው በየመንገዱ እየተገፋና እየተጎተተ ነበር የመጣው። መኪና ሰውን ከመሸከሙ በፊት ሰው መኪናን ተሸከመ ማለት ይቻላል። መንገድ ሲዘረጋ ነገሩ ተገለበጠ። ፖርቶ መጋላ የምንለው የጣሪያ መጫኛ ከጣሊያኖች ከነስሙ መጣና የአገራችን አውቶቡስ ሁለተኛ ፎቅ ሆነ። የቢቸና ወይም የሞጣ አውቶቡስ ጣሪያ ምን ያልጫነው አለ? የጤፍ ጆንያ፣ የቅቤ ቅል፣ አልጋ፣ ቆርቆሮ፣ እግሩን የታሰረ በግ። ረዳቱ መሰላሉን እንደ ዝንጀሮ ወጥቶ፣ ሸራውን አልብሶ፣ ገመዱን በጉልበቱ እየረገጠ ሲያስር የተመለከተ ሰው፣ የድሮው የበቅሎ ጫኝ ወዴት እንደሄደ አይጠፋውም።

የጣሪያው ድንኳን ደግሞ የአውሮፓ ልጅ ነው። አውቶሆም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ1958 እ.ኤ.አ. በመኪና ጣሪያ ላይ የሚታጠፍ ድንኳን ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጀርመን ትራባንት ለምትባለው ለዚያች ትንሽ መኪና ሳይቀር የጣሪያ ድንኳን ተሠራላት። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ የበረሃ ተጓዦች ወደዱት፤ ከአውሬና ከእባብ፣ ከጭቃና ከጎርፍ ከፍ ብሎ መተኛት ያስችላልና። ምሰሶ መትከል የለም፤ ካስማ መቀጥቀጥ የለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ የአጋሰስ ሕግ ተመልሶ ይመጣል። የብዙዎቹ መኪኖች ጣሪያ በጉዞ ላይ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ክብደት ከ75 እስከ 100 ኪሎ ቢሆን ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ጣሪያው ላይ የሚችለው የአንዲት ጥሩ በቅሎን ጭነት ብቻ ነው ቢባል ማን ያምናል? ከዚህ ውስጥ ድንኳኑ ብቻውን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይወስዳል። መኪናው ሲቆም ሁለት ሰው ወጥቶ ቢተኛበት ጣሪያው የማይጎዳው፣ የቆመ ክብደት ወደ ታች ብቻ ስለሚጫን ነው። በጉዞ ላይ ግን ጉድጓዱ ያነጥረዋል፤ ፍሬኑ ወደ ፊት፣ ጠመዝማዛው ወደ ጎን ይወረውረዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል መልሶ የሚወጣ ሾፌር፣ ራሱ የከበደ መኪና ጠመዝማዛው ላይ እንዴት እንደሚያጋድል ያውቃል። ቁልቁለት ላይ ወደ በቅሎዋ አንገት የሚንሸራተተውን ጭነት ያስታውሷል።

ታዲያ ታንኳው፣ ብስክሌቱ፣ የተራራ መውጫ ገመዱ የት ይግባ? የልምድ ሰዎች የሚሉት የድሮ ጫኝ ከሚለው አይለይም። ከባዱ ነገር፣ ማለትም ውኃው፣ ነዳጁ፣ የመሣሪያው ሣጥን፣ በመኪናው ውስጥ ወለሉ ላይ፣ በጎማዎቹ መካከል ይቀመጥ። ብስክሌት ከኋላ፣ በመጎተቻው ወይም በስኮርታው ላይ በሚታሰር ማንጠልጠያ ይሂድ። ታንኳ ከድንኳኑ በላይ ቢታሰር፣ ሲመሽ ድንኳኑ ከመከፈቱ በፊት መውረድ አለበት፤ በየቀኑ አውርዶ መስቀል ደግሞ ይሰለቻል። ስለዚህ ወይ ከድንኳኑ ጎን የራሱ ደጋፊ ይበጅለት፣ ወይ ተጎታች ይፈለግለት፣ ወይም ተጠቅልሎ ጓዳ የሚገባው የሚነፋ ጀልባ ይመረጥ። ገመዱ ከተነሱ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ተፈትሾ እንደገና ይጠበቅ። የመጨረሻው ምክር ከሁሉ የበለጠው ነው፤ የማያስፈልግህን ቤትህ ተወው። ይህን የቆሎ ተማሪው ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ማን ይሸከመዋል?

ወደ ተውነው ነጥብ እንመለስ። የንጉሡ ሰፈር የሚያድርበትን አገር ይበላ ነበር ብለናል። የዘመኑ ተጓዥ እንደዚያ አይደለም፤ ስንቁን ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ውኃውን ሳይቀር ይዞ ይመጣል። በዚህ ረገድ ለባላገሩ ቀላል እንግዳ ነው። ነገር ግን ሌላ ጣጣ አለው። አልጋውን፣ ወጥ ቤቱንና መጫወቻውን ሁሉ በጣሪያው ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የቢቸናን ምግብ ቤት አያውቀውም፤ የሞጣን አልጋ አይከራይም፤ ገደሉን የሚያውቀውን መንገድ መሪ አይፈልግም። ንጉሡ ብዙ እየወሰደ አለፈ፤ ይህኛው ምንም ሳይሰጥ ሊያልፍ ይችላል። ቺስማን በቅሎ ነጂ ስለፈለገ ከሰው ጋር መነጋገር ነበረበት። ጓዙ ራሱን የቻለ ተጓዥ ግን አገሩን እንደ ሥዕል ብቻ አይቶት ሊሄድ ይችላል።

ይህን የምንለው እንግዳ እንደ ልቡ ይመጣ የነበረበትን ጊዜ እያሰብን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የጎጃም መንገዶች ለጎብኚ ቀርቶ ለአገሬው ነጋዴና ለታማሚ እንኳ የሚያሰጉበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ድንኳን ጣሪያው ላይ የጫነ መኪና የሚያልፍበት መንገድ የሰላም ምልክት ነው። መንገዱ ለተጫዋች ክፍት ከሆነ፣ ጤፉን ለጫነው ገበሬና ወደ ሐኪም ለሚሄደውም ክፍት ነው ማለት ነውና።

ሰላም ወርዶ እንግዳው ሲመለስ ግን የአካባቢው ወጣት አውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ጣሪያ እያንጋጠጠ የሚቆጥር መሆን የለበትም። ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወስደውን መውረጃ፣ ከጮቄ የሚነሱትን ወንዞች መሻገሪያ፣ ጭነት የሚያውቁትን ሽማግሌዎች የሚያውቀው እሱ ነው። መንገድ መሪነቱ በማኅበር ቢደራጅ፣ ዋጋው ቢታወቅ፣ የአህያውና የበቅሎው ኪራይ ሥርዓት ቢይዝ፣ የተጫነው ጓዝ ለሁለቱም ይጠቅማል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ስማቸው ይጻፍ። ወደፊት ስለ ዓባይ ጉዞ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው፣ ጀልባው ከየት ፋብሪካ እንደመጣ በሚነግረን ገጽ ላይ፣ ከሞጣ እስከ ወንዙ ድረስ ማን እንደተሸከመው አብሮ ቢነግረን፣ የሦስት መቶ ዓመት ዕዳ መክፈል ይጀምራል።